በአንድ ማብሪያ ብዙ መስመር፦ ለወጣት ኤሌክትሪሺያኖች

ይድረስ ከቴክኒክና ሙያ ወጥታችሁ ካቻቢቴና ቴስተር ይዛችሁ ሰው ቤት መግባት ለጀመራችሁ ልጆቼ። እንደምን ከርማችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

በዝርጋታ ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ። አሁን ግድግዳ የምፈለፍልበት፣ ኮንዲዩት የምቀብርበት ጉልበት የለኝም። ቢሆንም ሥራ እንዳይ ይጠሩኛል፤ አልፎ አልፎ ሳይጀመር፣ ብዙ ጊዜ ግን አንድ ነገር ከሸተተ በኋላ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው አባባል በእኛ ሙያ ሰሚ ያጣ ይመስለኛል። ዛሬ የምጽፍላችሁ በር አጠገብ ግድግዳ ውስጥ ስለምትቀበረው የማብሪያ ሳጥን ነው። ትንሽ ናት፤ ብሬከሮች የሚደረደሩበት ፓኔል የሚፈራውን ያህል የሚፈራት የለም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን የምጠራባቸው ችግሮች ብዙዎቹ የሚጀምሩት ከእሷ ነው።

ምክንያቱ ጂፕሰም ነው። የጂፕሰም ኮርኒስ ከተለመደ ወዲህ ሳሎን ድሮ የምናውቀው ሳሎን መሆኑ ቀርቷል። መሐሉ ላይ አንድ አምፖል ይንጠለጠልበት የነበረው ቤት ዛሬ ዙሪያውን ስፖት፣ በጂፕሰሙ እጥፋት ውስጥ ስትሪፕ የሚባለው የመብራት ሪባን፣ መሐል ላይ ሻንደሌር አለው፤ ከቲቪው ጀርባም ሌላ ስትሪፕ ይጨመራል። ቤቱ ሲሠራ የተዘረጋው አንድ የመብራት መስመር ነበር። ጂፕሰም ሠሪው ሲመጣ ሌላ መስመር ከሌላ ብሬከር (ጭነት ሲበዛ ራሱ ከሚቆርጠው ማጥፊያ) ተሳበ። ቲቪው ሲሰቀል ደግሞ ሌላ። በመጨረሻ የቤቱ ባለቤት ጋሼ ቆመው ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ቁልፎች ያዩና «ልጄ፣ ስገባ አንዷን ጫን አድርጌ ሁሉም ቢበራልኝ ምናለበት?» ይሏችኋል።

ምንም የለበትም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሥራውም በደንብ ከተሠራ ቀላል ነው። አፍ ላይ አንድ የሚመስለው ጥያቄ ግን ግድግዳው ውስጥ ሦስት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው፣ ከአንድ ብሬከር በመጣ መስመር ላይ ያሉ ብዙ አምፖሎች በአንድ ቁልፍ እንዲበሩ ነው። ይህን ትምህርት ቤት ተምራችሁታል፤ አምፖሎቹን በፓራለል (ጎን ለጎን) ማያያዝ፣ ፌዙን (ኮረንቲ ይዞ የሚመጣውን ሽቦ) በማብሪያው ማሳለፍ፣ ኒውትራሉን (ኮረንቲው የሚመለስበትን ሽቦ) በቀጥታ ማድረስ፣ አለቀ። ሁለተኛው፣ ከሁለት ብሬከር የመጡ ሁለት መስመሮች በአንድ ሳጥን ውስጥ ተገናኝተው በየራሳቸው ቁልፍ እንዲሠሩ ነው። ሦስተኛው፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ብሬከር የመጡ መስመሮች በአንድ ቁልፍ በአንዴ እንዲበሩና እንዲጠፉ ነው። ጉዳት የሚመጣው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን እንደ መጀመሪያው አድርገው ሲሠሩት ነው።

አንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ያየሁትን ላሳያችሁ። ባለ ሦስት ቁልፍ ማብሪያ ነው። ሽፋኑ ተነስቶ ማብሪያው ወደ ፊት ሲሳብ ከጀርባው «ኮም» የሚባሉት፣ ፌዝ የሚገባባቸው ሦስት ተርሚናሎች ይታያሉ። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ከጣት የምታጥር ቀይ ሽቦ ተሻግራለች። ፌዝን እንዲህ ማዳረስ የተለመደ ነው፤ ፌዙ ከአንድ ብሬከር የመጣ እስከሆነ ድረስም ነውር የለበትም። እዚህ ግን በሦስተኛው ተርሚናል ውስጥ ሌላ ሽቦ አብሮ ተጠቅጥቋል፤ በኋላ የተጨመረው የኮሪደር መስመር ፌዝ ነው፣ ከሌላ ብሬከር የመጣ። ሠራተኛው አዲሱን ፌዝ ሲያስገባ ያቺን አጭር መሻገሪያ ማውጣት ነበረበት፣ አላወጣትም። ብሬከር 3 ሲወርድ ሁሉም እንደበራ ነው። 3 ተመልሶ 5 ሲወርድም እንደበራ ነው። ሁለቱም ካልወረዱ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ኮረንቲ አይሄድም።

መብራቱ እየበራ ምን ችግር አለው ትሉ ይሆናል። ለመብራት በምንዘረጋው ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ላይ የ10 አምፒር ብሬከር የምናስቀምጠው ሽቦው ሳይግል እንዲቆርጥ ነው። ሁለት ባለ 10 ብሬከሮች በአንዲት መሻገሪያ ሲገናኙ አንዱን ሽቦ የሚጠብቀው ብሬከር 10 መሆኑ ቀረ ማለት ነው፤ ሁለቱ ተጋግዘው እስከ 20 አምፒር ያሳልፋሉ፣ አንዳቸውም አይጥሉም። በዚያ ላይ ግቢው ባለ ሦስት ፌዝ ከሆነና ሁለቱ ብሬከሮች በተለያየ ፌዝ ላይ ከተቀመጡ መሻገሪያዋ የምታገናኘው ፌዝን ከፌዝ ነው። በአንድ ፌዝና በኒውትራል መካከል 220 ቮልት ሲሆን በሁለት ፌዞች መካከል ያለው 380 ነው። ሁለተኛው ብሬከር ገና ሲነሳ የሚሰማውን ድምፅ ሰምታችሁ ከሆነ አትረሱትም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ከእናንተ በኋላ ያንን ሽፋን የሚፈታው ሰው ነው። ማን እንደሆነ አታውቁም። ቀለም ቀቢ ሊሆን ይችላል፤ የተሰበረች ቁልፍ ሊቀይር የተነሳ የቤቱ ጎረምሳ ሊሆን ይችላል፤ እንደ እናንተው ያለ ጀማሪ ሊሆን ይችላል። አንድ ብሬከር ያወርዳል፣ አምፖሉ ሲጠፋ ያያል፣ ጠፍቷል ብሎ እጁን ይሰዳል። ሥራችሁ የሚለካው ያቺ ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ለረዳቶቼ ስናገር የኖርኩት ይህንን ነው፦ በአንድ ሳጥን ውስጥ ያለ ሽቦ ሁሉ በአንድ የእጅ እንቅስቃሴ ኮረንቲው የሚጠፋ ይሁን። ይህ ካልተቻለ ያንን ሳጥን አትሥሩት፣ ሌላ መንገድ ፈልጉ። ሌላ መንገድ ደግሞ ሁልጊዜ አለ።

የመጀመሪያው መንገድ ጥያቄ መጠየቅ ነው፤ ሁለተኛው መስመር ለምን አስፈለገ? በአሮጌው አምፖል ዘመን ሻንደሌር ማለት 8 አምፖል በ60 ዋት ነበር፤ ለብቻው 480 ዋት ይበላል። ዛሬ ሒሳቡን እንሥራው። 12 ስፖት በ7 ዋት 84 ነው። 10 ሜትር ስትሪፕ በሜትር 12 ዋት 120 ነው። ሻንደሌሩ 8 አምፖል በ9 ዋት 72 ነው። ጠቅላላው 276 ዋት፤ ለ220 ስናካፍለው 1.25 አምፒር ገደማ። አንድ ባለ 10 ብሬከር ይህንን ሳሎን ብቻ ሳይሆን የመኝታ ቤቶቹንም መብራት ይሸከማል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ትክክለኛው መልስ ሁለቱን መስመሮች አንድ ማድረግ ነው። ከዚያ በኋላ የጋሼ ጥያቄ ወደ መጀመሪያው፣ ትምህርት ቤት ወደተማራችሁት ይወርዳል።

አንድ ማድረግ ስል ግን ሳጥን ውስጥ ማጋጠም ማለቴ አይደለም። ትርፍ የሆነውን መስመር ከፓኔሉ ትነቅላላችሁ፤ ፌዙን ከብሬከሩ፣ ኒውትራሉን ከኒውትራል ባሩ። ጫፎቹን በተርሚናል ዘግታችሁ «አገልግሎት የማይሰጥ» ብላችሁ ትጽፉበታላችሁ። እነዚያን መብራቶች ከዚያ በኋላ የሚመግባቸው የመጀመሪያው መስመር ፌዝና የመጀመሪያው መስመር ኒውትራል ነው። ፌዙን ብቻ ነቅሎ ኒውትራሉን «እሱ ምን ያደርጋል» ብሎ የሚተው ሰው ብዙ ነው። የሚያደርገውን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

የኤልኢዲ ነገር ከተነሳ አንድ ነገር ልጨምር። ዋቱ ትንሽ ቢሆንም የኤልኢዲ ድራይቨሮች (ኮረንቲውን ለኤልኢዲው የሚያመቻቹት ዕቃዎች) በሚበሩባት ቅጽበት ለአፍታ ከፍ ያለ ኮረንቲ ይስባሉ። ብዙ ድራይቨር በአንድ ቁልፍ ሲሰበሰብ የርካሽ ማብሪያ ከንፈር (ውስጡ የሚገናኙት ብረቶች) እየተላተመ ይጠቁርና አንድ ቀን ተጣብቆ ይቀራል፤ ጫን ብታደርጉትም መብራቱ አይጠፋም። ስትገዙ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። 10ኤ ብቻ የሚለውና 10ኤኤክስ የሚለው አንድ አይደሉም፤ ኤኤክስ የተጻፈበት ለፍሎረሰንት ዓይነት አስቸጋሪ ጭነት የተፈተነ ነው። የዋጋው ልዩነት ከአንድ ስፖት አይበልጥም።

መስመሮቹን አንድ ማድረግ የማይፈለግበት ጊዜም አለ። አንዱ ብሬከር ሲጥል ቤቱ በሙሉ እንዳይጨልም ሆን ተብሎ ተከፍለው ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ደረጃና ኮሪደር ላይ ይህ ብልህነት ነው። ያን ጊዜ ሁለቱ መስመሮች በአንድ ሳጥን ቢገናኙ በየራሳቸው ቁልፍ ይሁኑ፣ በመካከላቸው መሻገሪያ አይኑር፣ ሁለቱም ከአንድ ፌዝ ይምጡ፣ ፓኔሉም ላይ ሁለቱን ብሬከሮች አውጥታችሁ እጀታቸው የተያያዘ ባለ ሁለት ፖል ብሬከር አስገቡ። አንዱ ሲወርድ ሌላውም ይወርዳል። ያው የፈራነው ጨለማ መጣ ማለት ነው ካላችሁ ልክ ናችሁ፤ ጨለማውን ካልፈለጋችሁ ሳጥኑን ለሁለት ክፈሉት፣ ጎን ለጎን ሁለት ሳጥን ቅበሩ። ሲሚንቶው ትንሽ ነው።

አንዳንድ ልጆች ባለ ሁለት ፖል ማብሪያ ወስደው በአንዱ ፖል አንዱን መስመር፣ በሌላው ፖል ሌላውን ያሳልፋሉ። በሒሳብ ደረጃ ይሠራል፤ ሁለቱ ፌዞች አይነካኩም። እኔ አልወደውም። ባለ ሁለት ፖል ማብሪያ ውሃ ማሞቂያ ላይ የምናውቀው ነው፤ የአንድን መስመር ፌዝና ኒውትራል በአንዴ የሚቆርጥ። ያንን ማብሪያ የሚከፍት ባለሙያ ከሁለቱ ገመዶች አንዱ ኒውትራል ነው ብሎ ያስባል፤ ማሰቡም ትክክል ነው። እናንተ ግን ሁለቱንም ፌዝ አድርጋችሁለታል።

አዳራሽ፣ ካፌ፣ ቤተ ክርስቲያን ከሆነ ነገሩ ይለያል። መብራቶቹ ብዙ ስለሆኑ በሦስቱ ፌዞች ላይ ተከፋፍለዋል፣ ጥበቃው ደግሞ ማታ በሩን ሲዘጋ አንድ ቦታ ነክቶ ሁሉንም ማጥፋት ይፈልጋል። ሦስት ፌዝ ወደ አንዲት የግድግዳ ሳጥን አምጥቶ በባለ ሦስት ቁልፍ ማብሪያ መጫወት የለም። የዚህ መልሱ ኮንታክተር ነው፤ በትንሽ ኮረንቲ ታዝዞ ብዙ መስመር በአንዴ የሚያገናኝና የሚቆርጥ ዕቃ። ግድግዳው ላይ ያለው ማብሪያ የሚያበራው መብራቶቹን ሳይሆን የኮንታክተሩን ኮይል (ከንፈሮቹን የሚስበውን ጥቅልል ሽቦ) ብቻ ነው፤ ወደ ሳጥኑ የሚመጣው አንድ ቀጭን መስመር ነው፣ የራሱ ትንሽ ብሬከር ያለው። ሦስቱ ፌዞች የሚቆረጡትና የሚገናኙት ፓኔሉ ውስጥ፣ በኮንታክተሩ ከንፈሮች ነው። ኮንታክተር ስትመርጡ ፊቱ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር እንዳያታልላችሁ፤ ኤሲ 1 የሚለው እንደ ምድጃና ማሞቂያ ላለ ለስላሳ ጭነት ነው። ለመብራት ኤሲ 5 ተብሎ የተለየ ምድብ አለ፣ እሱን ከካታሎጉ ፈልጉ፤ ካላገኛችሁ ከፍ ያለውን ግዙ። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፤ ማብሪያው ጠፍቶ፣ ኮንታክተሩም ለቆ፣ በመግቢያው በኩል ያሉት ሦስት ፌዞች እንዳሉ ናቸው። ስለዚህ ከኮንታክተሩ በፊት ሦስቱንም በአንዴ የሚያወርድ አንድ ብሬከር ይኑር። ያቺ አንድ የእጅ እንቅስቃሴ እዚህም ትሠራለች።

አሁን ወደ ኒውትራሉ። ስለ ፌዝ የማይጠነቀቅ ኤሌክትሪሺያን አላየሁም። በኒውትራል ግን ሁሉም ይዘናጋል። ሰማያዊ ነው፣ ቴስተር አያበራም፣ ሁሉም ኒውትራሎች ዞረው ዞረው አንድ ባር ላይ ስለሚገናኙ የትኛውም ከየትኛውም ጋር ቢጠመዘዝ ለውጥ የሌለው ይመስላል። የደረጃ መብራትን አስቡ። ታች አንድ ማብሪያ፣ ላይ አንድ ማብሪያ፤ ቱ ዌይ ነው። ሠራተኛው ፌዙን ከታችኛው ፎቅ መስመር ወሰደ፣ አምፖሉ ያለው ላይ ስለሆነ ኒውትራሉን እዚያው ከላይኛው ፎቅ መስመር ተበደረ። አንድ ሜትር ሽቦ ቆጠበ። መብራቱ እንደ ሰዓት ይሠራል።

ከዓመት በኋላ የላይኛው ፎቅ መኝታ ቤት አምፖል መያዣ ሊቀየር ነው። ባለሙያው የላይኛውን ብሬከር አወረደ፣ ፌዙን ለካ፣ የለም። ኒውትራሎቹ የተጠመዘዙበትን ቋጠሮ ፈታ። በዚያች ቅጽበት የደረጃው መብራት ኒውትራል ወደ ፓኔሉ የሚመለስበት መንገድ ተቋረጠ። ፌዙ ግን ከታች እየመጣ፣ በአምፖሉ ውስጥ አልፎ፣ በሰማያዊው ሽቦ ጫፍ ላይ 220 ቮልት ሆኖ ቆሟል። የተፈታው ሰማያዊ ሽቦ አንዱ በቀኝ እጁ፣ አንዱ በግራ እጁ ነው። በመሐል ያለው አምፖል ያድነዋል እንዳትሉ። ባለ 60 ዋት አምፖል ሲበራ ሩብ አምፒር ያህል ያሳልፋል፤ ልብን ለመረበሽ ከ30 ሚሊአምፒር በላይ የሆነ ኮረንቲ ይበቃል። አርሲዲ (ኮረንቲ ወደ መሬት ሲያመልጥ የሚቆርጠው መከላከያ) ቢኖርም ከአንዱ እጅ ገብቶ በሌላው እጅ ወደ ኒውትራል የሚመለስን ኮረንቲ አርሲዲው እንደ አንድ ተጨማሪ አምፖል ነው የሚያየው፤ ወደ መሬት ያመለጠ ነገር እስከሌለ ድረስ አይጥልም። ከፓኔሉ ፌዙን ብቻ ነቅላችሁ ኒውትራሉን ስትተዉት የምትሠሩትም ይህንኑ ነው።

የተበደረ ኒውትራል መኖሩን የሚያሳብቁ ምልክቶች አሉ። እያንዳንዱ መስመር የራሱ አርሲዲ ባለበት ቤት አንድ የተወሰነ መብራት በተበራ ቁጥር አርሲዲ የሚጥል ከሆነ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት እሱን ነው፤ በአንዱ ወጥቶ በሌላው የተመለሰ ኮረንቲ ለሁለቱም አርሲዲዎች የጠፋ ኮረንቲ ነው። አርሲዲ በሌለበት ሽቦውን ከውጭ ከብቦ ኮረንቲ የሚለካው ክላምፕ ሜትር ይረዳል። የቤቱን መብራት በሙሉ አብሩ፣ የምትሠሩበትን መስመር ብሬከር አውርዱ፣ ፓኔሉ ውስጥ የዚያን መስመር ኒውትራል በክላምፑ ክበቡት። ፌዙ ተቋርጦ ኒውትራሉ ላይ ኮረንቲ ካለ የሌላ ሰው ዕዳ እየተከፈለበት ነው። ሜትሩ ርካሽ ከሆነ የኤልኢዲን ትንሽ ኮረንቲ ላያነብ ስለሚችል ዜሮ ባየ ቁጥር አትመኑት፤ ዋናውን አውርዳችሁ፣ የሁለቱን መስመሮች ኒውትራል ከባሩ ነቅላችሁ በመካከላቸው በኦም ለኩ። መገናኘት የለባቸውም።

በዚህ አጋጣሚ፣ ጠፍቶም ሌሊት ጭል ጭል የሚል ኤልኢዲ አምፖል ስታገኙ አምፖሉን ከመቀየራችሁ በፊት ማብሪያው የሚቆርጠው ፌዙን ይሁን ኒውትራሉን እዩ። ኒውትራል ላይ የተቀመጠ ማብሪያ መብራቱን ያጠፋል፣ አምፖል መያዣው ግን ፌዙን እንደታቀፈ ነው። ትንሽ ጠቋሚ መብራት ያላት ማብሪያም እንዲሁ ጭል ጭል ታስብላለች፤ እሷ ምንም አትልም፣ ማብሪያውን መለወጥ ነው።

ስለ ቀለም ደግሞ ጠንከር ብዬ ልናገር። ዩቲዩብ ላይ ሥራ የምትማሩ ብዙዎች ናችሁ፣ አልቃወምም፤ እኔም ማታ ማታ አያለሁ። ግን የምታዩት የማን አገር ቤት እንደሆነ መጀመሪያ እወቁ። አሜሪካኖች ቤት ጥቁር ሽቦ ፌዝ ነው፣ ነጭ ኒውትራል ነው፣ ቮልቴጁ 120 ነው። በአሮጌው የእንግሊዝ አሠራር ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ፌዝ ናቸው፤ ጥቁር ኒውትራል ነው። እንግሊዞች ይህንን ትተው ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ አውሮፓው ሥርዓት ገብተዋል፤ በዚህኛው ቡናማ፣ ጥቁርና ግራጫ ፌዝ ሲሆኑ ሰማያዊ ኒውትራል ሆኗል። አሮጌው ላይ ፌዝ የነበረው ሰማያዊ አዲሱ ላይ ኒውትራል፣ ኒውትራል የነበረው ጥቁር ፌዝ ማለት ነው። እኛ ጋ ሁለቱም አሉ። አሮጌ ግቢ ውስጥ አዲስ ክፍል ተቀጥሎ ሲሠራ ሁለቱ ሥርዓቶች በአንድ ጃንክሽን ቦክስ ይገናኛሉ። በዚያ ላይ ቀይ ሽቦ ሲያልቅበት ባገኘው የሚቀጥል ሠራተኛ አለ። ቀለም ፍንጭ ነው፣ ማስረጃው መለኪያው ነው። የስሙም ነገር እንዲሁ ያምታታል፤ አሜሪካኖቹ «ስሪ ዌይ» የሚሉት ማብሪያ እኛ ቱ ዌይ የምንለው ነው። ሱቅ ገብታችሁ እንደ ቪዲዮው ብትጠይቁ ሌላ ዕቃ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።

ሁለት መስመር ሁልጊዜ ሁለት ብሬከር ብቻ ማለት እንዳይመስላችሁ። ሰርቪስ ቤቶቹ በየራሳቸው ቆጣሪ የሚከራዩበት ግቢ ውስጥ የሁለት ቆጣሪ መስመሮች በአንድ የበረንዳ ማብሪያ ተገናኝተው አይቻለሁ። የአንዱ ተከራይ ብሬከር የሚገኘው በሌላው ተከራይ በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ነው። የዚህ መፍትሔ የሽቦ ሳይሆን የንግግር ነው፤ አከራዩን ጠርቶ የበረንዳው መብራት ከማን ቆጣሪ እንደሚሆን መወሰን፣ ሌላውን ነቅሎ ማውጣት። ሶላርና ኢንቨርተር ያለበት ቤት ከዚህም የባሰ ነው። የኢንቨርተሩ መስመርና የመብራት ኃይል መስመር በአንድ ማብሪያ ወይም በአንድ ኒውትራል መገናኘት የለባቸውም፤ የሚገናኙበት ቦታ ቢኖር ቼንጅ ኦቨሩ (የኃይል ምንጭ መቀየሪያው) ብቻ ነው፣ እሱም አንዱን ሳይለቅ ሌላውን የማይዝ ሆኖ። ጄኔሬተርም ያው ነው። ወደ መስመሩ ተመልሶ የሚወጣ ኮረንቲ የመብራት ምሰሶ ላይ የወጣውን ሰው ነው የሚያገኘው።

መብራት ሄዷል ብላችሁ ማብሪያ እንዳትፈቱ። ይህንን በተለየ ሁኔታ እለምናችኋለሁ። በመንደሩ መብራት ሲጠፋ «ጥሩ ጊዜ አገኘን» ብሎ ሥራ የሚጀምር አለ። የሄደ መብራት መቼ እንደሚመለስ አይናገርም። ከሦስቱ ፌዞች አንዱ ብቻ ሄዶ ሁለቱ ቀርተውም ሊሆን ይችላል፤ እናንተ ያላችሁበት ክፍል ጨለመ ማለት ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሁለተኛ መስመር ጠፋ ማለት አይደለም። ብሬከሩን አውርዱ፣ በናስትሮ ለጥፉት፣ «ሰው እየሠራ ነው» ብላችሁ ጽፋችሁ ስቀሉበት፣ ቤት ውስጥ ላሉትም በቃል ንገሩ። ሕፃናት ካሉ የፓኔሉን በር ቁልፍ ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ።

ከዚያ ለኩ። ካቻቢቴ የመሰለችው ቴስተር ከበራች ኮረንቲ አለ ማለት ነው፤ ካልበራች ግን የለም ማለት አይደለም። የምትበራው በእናንተ ሰውነት በኩል ወደ መሬት ባገኘችው መንገድ ነው። ደረቅ የእንጨት መሰላል ላይ በጎማ ጫማ ከቆማችሁ ልትደበዝዝ ትችላለች፤ ፀሐይ በሚገባበት ክፍል ብትበራም ላታዩዋት ትችላላችሁ። ሁለት ጫፍ ያለው መለኪያ ያዙ። መጀመሪያ ኮረንቲ እንዳለበት በምታውቁት ሶኬት ሞክሩት፣ ከዚያ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ሽቦ ሁሉ ከኒውትራል ጋር፣ ከኧርዝ (ከመሬት ሽቦ) ጋር፣ እርስ በርሱም ለኩ፤ ከዚያ ተመልሳችሁ ሶኬቱ ላይ መለኪያው እንዳልሞተ አረጋግጡ። ኒውትራል ስትፈቱ ደግሞ ጫፎቹ ከተለያዩ በኋላ ሳትነኩ እንደገና ለኩ። የተበደረ ከሆነ ፊቱን የሚያሳየው ያን ጊዜ ነው።

የእጅ ሥራውን ባጭሩ ላልፈው፤ ይህን ከእኔ ይልቅ ከጥሩ ፎርማን ጋር አንድ ክረምት ብትሠሩ ታውቁታላችሁ። በአንድ ተርሚናል ሦስት ሽቦ አትጠቅጥቁ። በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ ቋጠሮ ግድግዳ ውስጥ አትቅበሩ። የብረት ሳጥንና የብረት ሻንደሌር ኧርዝ ይፈልጋሉ፤ «ኧርዝ የለውም ቤቱ» የሚል መልስ ሥራውን የማቆሚያ ምክንያት እንጂ የመዝለያ ምክንያት አይደለም። ሳጥኑ ከሞላ ጠለቅ ያለ ግዙ። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ደንብ ስለ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ የሚናገረው ኢቢሲኤስ 10 ነው፤ ፈልጋችሁ አንብቡት፤ በእጅ የምትሠሩትን በጽሑፍም ማወቅ ከኮንትራክተር ጋር ስትከራከሩ ይጠቅማል።

ክርክሩ መምጣቱ አይቀርም። «ዝም ብለህ አገናኘው፣ ጂፕሰሙ ነገ ይዘጋል» የሚል አሠሪ ያጋጥማችኋል። ስድብ አያስፈልግም። «ሁለቱ ከተለያየ ብሬከር ነው የመጡት፤ አንዱን ልንቀልና ላጋጥም፣ ግማሽ ቀን ይበቃኛል» በሉት። ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ግማሽ ቀን እንኳ አይሞላም። እምቢ ካለ ሥራውን ለሌላ ይስጠው፤ ጂፕሰሙ ከተዘጋ በኋላ የሚፈልገው እናንተን ነው።

ከባለቤቱ ጋር ደግሞ ስለ ዋጋ ስትነጋገሩ ፍተሻውን ከዝርጋታው ለይታችሁ አስከፍሉ። ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እያወረዱ የትኛው የቱን እንደሚያጠፋ መጻፍ፣ ኒውትራሎቹን መለካት፣ የትኛው ሳጥን ውስጥ ስንት መስመር እንዳለ መመዝገብ ሥራ ነው። «ለማየት ብቻ ብር ትጠይቀኛለህ?» ቢሏችሁ የጻፋችሁትን ወረቀት አሳዩዋቸው፤ ከዚያ በፊት በቤታቸው ይህንን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ብዙዎቹ ይከፍላሉ። የማይከፍሉም አሉ። ወረቀቱን ግን በሁለቱም ቤት ከፓኔሉ በር በስተውስጥ ለጥፋችሁ፣ ቀኑን ጽፋችሁበት ውጡ።